የአንዲት ተማሪ የትዝታ ደብተር እና ግቢያችን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን። እኔ በተሰጠኝ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስለምታዩት ወፍራም ደብተር ላውራችሁ።

ያመጣችልን የአንዲት የቀድሞ ተማሪ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ ዕቃቸውን ስታስተካክል ከቁም ሳጥን ሥር አገኘችው፣ ልትጥለው ምንም አልቀራትም ነበር። ስክራፕቡክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ እኔ የትዝታ ደብተር እለዋለሁ። ሲለጣጥፉት ገና የሃያ ዓመት ልጅ ቢሆኑም አንቱ ማለቱን አልተውም።

ውስጡ የቲያትር ፕሮግራም አለ፣ የፈተና መርሐ ግብር፣ የቤተ መጻሕፍት የቅጣት ደረሰኝ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የጓደኛ ደብዳቤ፣ ብዙ ፎቶ። አንዲት ትንሽ ወረቀት ደግሞ አለች፣ የሴቶች ማደሪያ የመውጫ ፈቃድ። የወጡበት ሰዓት፣ መመለስ ያለባቸው ሰዓት፣ የተቆጣጣሪዋ ፊርማ። ኮሌጁ በዓመት መጽሔቱ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ ጽፏል፣ አዲሱን ሕንፃ ማን መርቆ እንደከፈተው ጽፏል፤ ሴት ተማሪ ከግቢ ለመውጣት ወረቀት ማስፈረም እንዳለባት ግን እኔ ያወቅሁት ከዚህች ቁራጭ ነው። ጎኗ ላይ በእርሳስ አምስት ደቂቃ እንዳረፈዱ ጽፈዋል። ሌላ ቃል የለም። ያቺን አምስት ደቂቃ የትኛው መዝገብ ያቆይልን ነበር?

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው የሦስት ፎቶዎች ነገር ነው። ሦስቱም ማደሪያው ደረጃ ላይ የተነሱ ናቸው፣ ቀን ግን የላቸውም። ብዙ ሰዓት ፊቶቹን ስናይ ቆየንና አንዱ የኮሚቴ አባል ሰዎቹን ትታችሁ ከኋላቸው ያለውን እዩ አለን። በአንደኛው ሜዳ ነው። በሁለተኛው የእንጨት መወጣጫ የቆመለት ግማሽ ግድግዳ አለ። በሦስተኛው ጣሪያ የለበሰ ሕንፃ ይታያል፣ አጠገቡ ያለችው ችግኝም ቁመት ጨምራለች። እንዲህ አድርገን ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል አስቀመጥናቸው፣ ዛሬ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ እንደነበርም ያየነው በዚያው ነው፤ ጥግ ላይ የግብ ቋሚ ይታያል።

ለዚህ መጀመሪያ ካሜራው ተማሪ እጅ መግባት ነበረበት። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ብራውኒ የተባለችውን የካርቶን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1900 በአንድ ዶላር መሸጥ ሲጀምር ነው ፎቶ ማንሳት ለተራው ሰው የቀረበው። መለጠፉ ከዚያም ይቀድማል። ደራሲው ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1873 ገጹ ላይ ሙጫው አስቀድሞ የተቀባ፣ በውሃ ብቻ አርሰው የሚለጥፉበት ደብተር በስማቸው አስመዝግበዋል፤ ሰው ትዝታውን መለጠፍ ምን ያህል ይወድ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዕድሜ ስትገምቱ ግን ረጋ በሉ። ግልጹ ፕላስተር፣ ስኮች የምንለው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ስለዚህ ስኮች ያየንበት ገጽ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ይመስለናል። አሮጌ ገጽ ተቀድዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተጠግኖም ሊሆን ይችላል እኮ። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

አንድ ገጽ ላይ ደግሞ የሙጫ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ፎቶው ተነቅሏል፣ ከሥሩ «ሁላችንም» የምትል ቃል ቀርታለች። ኮሚቴው ውስጥ ተጣልተው ነው፣ የለም አንዷ ወስዳው ነው ተባለ። ግምቱን መዝገብ ላይ እንዳናሰፍረው ጠይቄያለሁ። ሰው የወደደውን ይለጥፋል፣ ያመመውን ይነቅላል ወይ ጨርሶ አያስገባም። የግቢው ሕይወት ሁሉ እዚህ አለ ብለን ካነበብን እንሳሳታለን።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ እባካችሁ አታፍርሱት። ፎቶዎቹን ነቅሎ አዲስ አልበም ውስጥ መደርደር ጽዳት ይመስላል፣ ግን ምን ከምን አጠገብ እንደተለጠፈ ራሱ መረጃ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ገጹን ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻ፤ የሚገለጥ ነገር ካለ ጀርባውንም። የጋዜጣ ቁራጭ አሲድ ስላለው አጠገቡ ያለውን ገጽ ቢጫ ያደርገዋል፣ በመሃል አሲድ የሌለው ወረቀት አስገቡ። ላሚኔት አታስደርጉ፣ ማለትም በፕላስቲክ አታስለብጡት፣ መመለሻ የለውም። ፎቶ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። ያ በላስቲክ የሚሸፈነው ሙጫማ ገጽ ያለው አልበም ደግሞ ፎቶ ያበላሻል፤ ፎቶው አልለቅ ካላችሁ አትታገሉት፣ እንዳለ ወደ እኛ አምጡት።

ሁሉንም ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው ያላችሁን ሰምቻለሁ። ፍላጎቱ ገብቶኛል፣ በፎቶዎቹ በኩል እስማማለሁ። ደብዳቤዎቹ ግን የሌላ ሰው ምስጢር ናቸው። የጻፉት ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ሳይጠየቁ እንዲወጡ አልፈልግም፣ ይህን ዛሬ በድምፅ እንወስን።

አሁን መብራቱን ቀነስ አድርጉልን። ግድግዳው ላይ የምታዩት ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው፣ የሦስቱን ስም ብቻ ነው ያገኘነው። ከኋላ መስመር በግራ በኩል ባርኔጣ የያዘውን ልጅ ማንም አላወቀልንም። ታላላቆቻችን፣ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ወንበር አለ። ስብሰባችን ተከፍቷል፤ የምታውቁት ፊት ካለ የመጀመሪያው አጀንዳ ይቆየን።