ከማዕድ በኋላ ባሉት ሰዓታት የደም ሥሮቻችን ምን ይሆናሉ?

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን!

ስለ ስብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን የልብ ሕመም ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ከምሳ ከተነሣችሁ በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ስለሚሆነው ነው።

የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። ደም በብዛት ሲፈስባቸው እነዚህ ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙ የግድግዳውን ጡንቻ ያላላና ደም ሥሩ ይሰፋል። ይህን መለካት ይቻላል። ክንድ ለ5 ደቂቃ በግፊት መለኪያ ታስሮ ይለቀቅና ደም ወሳጁ ምን ያህል እንደሰፋ በአልትራሳውንድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች 50 ግራም ስብ ያለው አንድ ቁርስ ከበሉ በኋላ ይህ የመስፋት አቅም ለሰዓታት በግማሽ ያህል ወርዷል። ጉልበቱ እኩል፣ ስብ ግን የሌለው ቁርስ ሲበሉ አልወረደም። ምክንያቱ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባው ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ በዚያን ጊዜ የሚፈጠሩት ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችም ጋዙን ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ያጠፉታል።

«በባዶ ሆድ ተመርምሬ ምንም የለብህም ተብያለሁ» የሚል አይጠፋም። መልካም ነው፤ ግን ቀኑን የምናሳልፈው በልተን እንጂ ባዶ ሆዳችንን አይደለም።

ቦርጭ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። በአንጀት ዙሪያ ያለው ስብ ሥራ ፈት አይደለም፤ የብግነት ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊንም ደም ሥርን የማላላት ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስቡ ከደም የሚጠራውም ዘግይቶ ስለሆነ የምሳው ሳያልቅ የእራቱ ይደረባል።

ወገባችሁን በቤታችሁ ለኩ። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሃል ላይ፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በገላ ላይ፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ። ብዙ ወንድ ቀበቶው ካለበት፣ ከቦርጩ ሥር ይለካና ይሳሳታል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል፤ 102 እና 88 ሲደርስ ከፍተኛ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ለደም ሥሩ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ማድ ቤት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 13 ግራም ስብ አለው፤ ከዚያ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ለሚረጋው ስብ የሚመክረው ጣሪያ ወደ 22 ግራም ነው። ሦስት ማንኪያ ቅቤ ይህን ያልፋል፤ ሥጋው ገና አልተቆጠረም! የጠዋቱ ጨጨብሳ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። እባካችሁ እናቶች፣ ቅቤ በዓይን አይጨመር። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላሉት፣ ቅቤውን ወጡ ሊወጣ ሲል ለመዓዛ ያህል በማንኪያ ጨምሩ፣ ለስንት ሰው እንደሚደርስም አካፍሉ። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ ያው ስብ ነው፤ የአፍጥር ሳምቡሳ ስትጠብሱ ይህን አስቡ።

የፋሲካም ሆነ የዒድ ዋዜማ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ የጅሬን ዳገት ቅርባችሁ ነው። በዋዜማው የተደረገ እንቅስቃሴ በማግስቱ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ትራይግሊሰራይድ ይቀንሳል። ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ግን ቁሙ፣ ሳትውሉ ሳታድሩም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቅቤ ቀነስኩ ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ሜትር ይዘን በር ላይ አለን፤ ለሴቶች ለብቻ ክፍል ተዘጋጅቷል።