ለመጀመሪያ ልቦለድ አንባቢ ፍለጋ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልቦለዴ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ለማስተዋወቂያ የተረፈኝ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፌስቡክም፣ ቲክቶክም፣ ኢንስታግራምም፣ ዩቲዩብም፣ ቴሌግራምም ላይ ገጽ ልክፈት?

አይክፈቱ፤ አምስቱንም ጀምረው አምስቱንም ይተዋሉ። ሁለት ይበቃዎታል። አንደኛው የማያውቁዎት ሰዎች የሚያገኙዎት ይሁን፤ ለዚህ ቲክቶክ ወይም የፌስቡክ አጭር ቪዲዮ ይመረጣል፤ ስምዎን ሰምቶ ለማያውቅ ሰውም ያደርስልዎታልና። ሁለተኛው ያገኙዎት ሰዎች የሚሰባሰቡበት ነው፤ እዚህ ላይ ቴሌግራምን የሚያህል አላየሁም። ፌስቡክ ላይ የጻፉትን ከተከታዮችዎ ስንቱ እንደሚያየው የሚወስነው ስልተ ቀመሩ፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠው ፕሮግራም ነው። በቴሌግራም ቻናል ግን የጻፉት ሁሉ በቅደም ተከተሉ ለእያንዳንዱ ተከታይ ይደርሳል። ኢንስታግራምን ከመረጡ ደግሞ በፎቶው ሥር የሚጽፉት ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ሲነኩት እንደማይከፍት ይወቁ፤ የመግዣውን አድራሻ መገለጫዎ ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ሽፋኑን ለጥፌ «መጽሐፌ ገበያ ላይ ዋለ» አልኩ። ወዳጆቼ «እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ ሆነ። ምን ልለጥፍ?

«እንኳን ደስ አለህ» የሚል ሰው ምርቃቱን ሰጥቶ አልፏል፤ መግዛት እንዳለበት የነገረው የለም፣ የሚያጓጓውም ነገር አላየም። ሽፋኑ መጽሐፍ መኖሩን ይናገራል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ እርሳስ ይዘው የራስዎን ልቦለድ እንደ ባዕድ ያንብቡ፤ «ከዚያስ?» የሚያሰኘውን መስመር ሁሉ ያስምሩበት። ለምሳሌ ምዕራፉ «ከሠርጉ በኋላ በቤተሰቡ ላይ ብዙ መከራ ደረሰ» ብሎ ቢጀምር ይለፉት። ጥቂት ወረድ ብሎ «ሙሽራዋ ቀለበቷን አውልቃ ጨው መያዣው ውስጥ ቀበረችው፤ አማቷ ግን በበሩ ስንጥቅ እያየች ነበር» የሚል ካገኙ፣ የሚለጠፈው ይህ ነው።

አቀራረቡ ከባድ አይደለም። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው በስልክዎ ይቅረጹ። «ውድ ተከታታዮቼ እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለውን ይተዉት፤ ተመልካቹ ሰላምታው ሳያልቅ ጣቱን አንሸራቶ ይሄዳል። በቀጥታ በዚያች ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ። ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ስለሚያይ ጽሑፉ ከሥር ይታይ። አማቷ ምን እንዳደረገች ከመታወቁ በፊት ያቁሙ፤ የመጽሐፉን ርእስና የሚገኝበትን ቦታ ከዚያ በኋላ ይናገሩ። ደራሲዎች እዚህ ላይ ሆዳቸው አይችልም፤ ታሪኩን ዘርግፈው ይነግሩና መጽሐፉን የሚገዛ ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ያለችኝን ገንዘብ ፌስቡክ ላይ ቡስት ላድርግበት (ከፍዬ ልጥፌን ለብዙ ሰው ላሳይበት)? ተከታይ የሚሸጡም አሉ።

ተከታይ መግዛቱን ይርሱት። መድረኮቹ ራሳቸው ይከለክሉታል፤ የሚመጡልዎትም መጽሐፍ የማይገዙ የውሸት ስሞች ናቸው። ቡስቱን ግን አልቃወምም፤ የምቃወመው መጀመሪያ ላይ ማድረጉን ነው። ለጥቂት ሳምንታት በነጻ ይለጥፉ። ሰው ለሰው ያጋራው፣ «የት ይገኛል?» ተብሎ የተጠየቀበት ልጥፍ ሲገኝ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውሉ። ዓላማውን ሲመርጡ «ላይክ» ማብዛትን ሳይሆን መልእክት መቀበልን ወይም ወደ መግዣው ገጽ መውሰድን ይምረጡ። መጽሐፉ በማይደርስበት ከተማ ላለ ሰው ማስታወቂያ ማሳየትም ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ከገንዘቡ ከፊሉን ለቅጂዎች ቢያስቀሩ ደግሞ ይሻላል። ተከታያቸው ጥቂት ቢሆንም መጽሐፍ አንብበው ለሚወያዩ ሰዎች ይላኩላቸው። አመስግኑኝ አይበሉ፤ አንብበው ያልወደዱትን ቢናገሩም ይቻሉት። ሁሉንም መጽሐፍ የሚያሞካሽ ገጽ ማንንም አያሳምንም።

ጥያቄ፦ አንድ ምዕራፍ በነጻ ብለቅ ሥራዬን አይሰርቁብኝም?

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይልቀቁ፤ ሙሉውን የመጽሐፍ ፋይል ግን ለማንም አይላኩ። አሜሪካዊው አንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» የተባለውን ልቦለዱን በመጀመሪያ በድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ በነጻ ነበር ያወጣው። አንባቢዎቹ ስለጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2011 በ99 የአሜሪካ ሳንቲም በኪንድል፣ በአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መሸጫ፣ አቀረበው፤ በ2014 ትልቅ አሳታሚ አሳተመው፣ በ2015 ፊልም ሆነ። ሁሉም እንዲህ ይሳካለታል ማለቴ አይደለም፤ በነጻ ያነበቡት ሰዎች ግን ገበያውን እንዳልገደሉበት ያሳያል። ቴሌግራም ላይ ይዘት እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ መከልከል ይቻላል፤ ለዚህ ምዕራፍ ግን አይከልክሉ፤ እንዲተላለፍ አይደል የለቀቁት? ሙሉው መጽሐፍ በሌላ ሰው ቻናል ላይ ከተገኘ ለቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ዓይነ አፋር ነኝ። ፊቴን ማሳየት ግድ ነው?

በፍጹም። ገጹን የሚገልጥ እጅና የሚያነብ ድምፅ ይበቃል። ድምፅዎንም የማይወዱት ከሆነ ጥሩ አንባቢ የሆነ ወዳጅዎን ያስነብቡ፤ ስሙን ብቻ ከሥር ይጻፉለት።