የዓሣ ገንዳም እርሾ ይፈልጋል

[ምስል፦ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ባዶ የመስታወት ገንዳ]

ይህ አኳሪየም ዕቃ ቤት ከገባ 9 ዓመቱ ነው። ያኔ አስር ጎልድፊሽ በአንድ ቀን ገዝቼ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድም አልተረፈም። የመጨረሻውን ሳወጣ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዳውን ማየት አስጠላኝ።

ዘንድሮ ራሷ ልጄ “እንደገና እንሞክር” አለችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ግን ዓሦቹ ያኔ በምን እንደሞቱ ማወቅ ነበረብኝ። እናንተም ሞክራችሁ ትታችሁት ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ዓሣ አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ያስወጣል፤ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውሃው ይዞት ይሄዳል። ገንዳ ውስጥ ግን የትም አይሄድም።

ዓሣውን የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በብዛት ካልተጠራቀመ ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ስትቀይሩ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ መገኘቱ ተነግሮ ነበር። ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነው። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ።

ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅና ገንዳው ስር ያለው ጠጠር ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ላይ ገና አልበዙም። እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን አስር ዓሣ ጨመርኩ። ውሃው ሲደፈርስ ሁሉንም ደፋሁ፤ ስፖንጁንም ቧንቧ ስር አጥብቄ አጠብኩት። ክሎሪኑ መብዛት የጀመሩትን ፈጃቸው። ንጽህና መስሎኝ በየሳምንቱ ሥራቸውን ከዜሮ አስጀምራቸው ነበር። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ብቻ።

እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። እርሾ ያለቀበት ሰው ጎረቤት ሄዶ ይለምናል። ገንዳም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት። በራሱ ውሃ፣ በላስቲክ አድርጋችሁ፣ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ገንዳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። የታመመ ዓሣ ካለበት ገንዳ ግን አትውሰዱ፤ በሽታው አብሮ ይመጣል። እኔ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ዓሣ በሌለበት ውሃ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እጨምር ነበር። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ባክቴሪያዎቹም በእሱ እየኖሩ ይበዛሉ።

[ምስል፦ ገንዳው በረንዳ ላይ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ ስሩ ጋዜጣ ተነጥፎ]

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መስታወቱ ይፈተሽ። ለዓመታት ደርቆ የቆየ ገንዳ መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲሊኮን ሊለቅ ይችላል። በረንዳ ላይ፣ ደልዳላ ቦታ፣ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ሙሉትና ሁለት ቀን ይቆይ። የሚያፈስ ከሆነ ጋዜጣው ይናገራል። ሲታጠብ ሳሙና አይንካው፤ አቼቶና ውሃ ይበቃዋል። ጠጠሩም ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ስላለበት ይቅርባችሁ፤ የውሃውን ጠባይ ይለውጣል።

ማስቀመጫውንም አስቡበት። የእኔ ገንዳ 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ውሃው ብቻ አንድ ኩንታል ነው። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ቪዲዮዎች ከሚነገረው የዓሣ ቁጥር እኔ እቀንሳለሁ። የአየር ፓምፑም ቀንና ሌሊት ይሠራል።

መብራት ሲጠፋስ? ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ዝግ ማጣሪያ ለሰዓታት ከቆመ፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን አልቆ መሞት ይጀምራሉ። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ተራ ስፖንጅ ገንዳው ውስጥ ስላለ የተሻለ ይችላል። ዋጋውም ቀላል ነው። እኔ እሱን ነው የመረጥኩት። ፓምፑን ግን ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዝቅ ካለ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ይገባበታል፤ ኤሌክትሪክ ነውና አደገኛ ነው።

የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ካደረ ክሎሪኑ ይበናል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ በዚህ አትተማመኑ። እዚያ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃው የሚታከመው ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሃዱበት በክሎራሚን ነው። እሱ በማሳደር አይወጣም፤ ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ማጥፊያ ጠብታውን ግዙ።

ዓሣው የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ጎልድፊሽ አልደገምኩም። 20 ሴንቲሜትር ሊደርስና ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። ይህ ገንዳ ለአስር ቀርቶ ለጥቂቶቹም ይጠብባቸዋል። ሳሎናችን ክረምት ላይ 18 ዲግሪ ይሆናል፤ ጉፒ ለሚባለው ትንሽ ዓሣ ያለ ማሞቂያ ይቀዘቅዛል። ዜብራ ዳኒዮ የሚባለው ባለ መስመር ትንሽ ዓሣ ግን ይችለዋል።

[ምስል፦ ዓሦቹ ያሉበት ላስቲክ ገንዳው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ]

ምግቡን መጨመር ከጀመርኩ ዛሬ 47ኛው ቀን ነው። ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ዘግይቷል። ዘመዴ ከውጭ ባመጣችልኝ የውሃ መመርመሪያ ጠዋት አየሁት፤ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ስድስት ዳኒዮ ገዝተናል። ሙቀቱ እንዲመሳሰል ላስቲኩ 20 ደቂቃ ተንሳፈፈ። አሁን የገንዳውን ውሃ በሲኒ እየቀዳን ቀስ በቀስ እንጨምርበታለን። ከዚያ ዓሦቹ ብቻ በመረብ ይገባሉ፤ የሱቁ ውሃ አይገባም። እንዳይደነግጡ የገንዳውን መብራት አጥፍተናል። መረቡን የያዘችው ልጄ ናት።