አጋፋሪ አልተነሳም

ዛሬ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነበር፣ አልሆነልኝም። አጋፋሪን፣ ወንዱን እርግቤን፣ ታውቁታላችሁ። እዚሁ ስንት ጊዜ «ሰነፉ» አልኩት፤ እናንተም በመልእክት «ሰነፉ እንዴት ዋለ?» እያላችሁ... አሁን ቃሉን ማንሳት ከበደኝ።

ዓርብ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ፣ ባሕር ዳር፣ 8 ሰዓት። የእርግቦቹን ቤት ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። አጋፋሪ እንቁላሎቹን ታቅፏል። አፉ ተከፍቷል፤ ክንፎቹን ከጎኑ ራቅ አድርጓል፣ ጋቢውን ከትከሻው ሊያወርድ እንደሚል ሰው። ጉሮሮው ይርገበገባል። አየኝ። አልተነሳም። ይቺ ናት የማትለቀኝ። በሩ ተከፍቶለት፣ ነፋስ ገብቶለት፣ አልተነሳም።

እርግብ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው እንዲያ እያለከለከ ነው፤ ከጉሮሮው እርጥበት ይወጣል፣ ያንን የሚተካ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ደግሞ አለ፣ ጠዋት ሞልቼ... አልሞላሁም። የዶሮዎቹን ሳህን ነው ያስቀመጥኩለት፣ ጥፍር አይሸፍንም። ዶሮ ጎንጨት አድርጋ ቀና ትላለች። እርግብ ግን ምንቁሩን ነክሮ ሳያነሳ ነው የሚመጠው። የቀረችውም ውሃ ሻይ ሆናለች።

ደግሞ ተራው። ቀን የሚታቀፈው ወንዱ ነው እኮ! ከረፋዱ እስከ 10 ሰዓት ገደማ እሱ፣ ከዚያ እስከ ጠዋት ሴቷ። ሌሎቹ ሲበሩ እሱ ቤት ስለሚውል ነበር ያንን ስም ያወጣሁለት።

አያቴ ቤት፣ መርዓዊ፣ ሳር ክዳን ነበር። እንስራው ጎኑ እያላበው ስሩ ሁሌ እርጥብ ነው፤ እርግቦቹ እዚያ ይውሉ ነበር። አያቴ አታባርራቸውም። እኔ ግን ለምን እዚያ እንደሚሰበሰቡ ጠይቄ አላውቅም... ብቻ።

አሁን ቆርቆሮው ላይ ሳር ደርቤያለሁ፣ ከላይ በኩል በወንፊት ሽቦ መስኮት አውጥቼለታለሁ። ውሃው በሸክላ ነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ጠለቅ ያለ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ እቀይራለሁ። ያን ዕለት ሴቷ ስትተካው ወርዶ ጠጣ። ምንቁሩን እስከ አፍንጫው ነክሮ፣ ረጅም ጊዜ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት።

እንቁላሎቹን ግን እንጃ። በ18 ቀን ግድም ነው የሚፈለፈሉት፣ ዛሬ 16ኛው ነው። በስልክ መብራት ውስጣቸውን ማየት ይቻላል። ትናንት ማታ እጄን ሰደድኩ፤ ሴቷ በክንፏ መታችኝ፣ ተውኩት። ምናልባት ነገ... ወይም ዝም ብዬ ብጠብቅ...