አዋቂም አፉን ይፈታል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ወደየክፍላችሁ ልትመለሱ ስለሆነ የመዝጊያ ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄ ነው የቆምኩት። የተሰጠኝ ርዕስ «አዋቂዎች የውጭ ቋንቋን ቶሎ አቀላጥፈው እንዲናገሩ የሚያስችሉ ዘዴዎች» ይላል። ዘዴዎቹን ስትማሩ ሰንብታችኋል፤ መልሼ ብደረድራቸው ጊዜያችሁን መብላት ነው። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው። ይህ ነገር በ26 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ድምፄ ከፍ ቢል እንዳትደነግጡ፤ ተቆጥቻለሁ፣ ቁጣዬም ከራሴ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ሸክም ከላያችን እናውርድ። «ካረጁ አይበጁ» የሚባለው ተረት ክፍላችን ውስጥ ገብቶ ወንበር ይዟል። ተማሪው ራሱ ይዞት ይመጣል። ገና በመጀመሪያው ቀን «እኔ እንግዲህ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ምላሴ አይታዘዝልኝም» ይላል። እኛም አናስተባብልም። እንዲያውም ስድስት ወር አስተምረነው አፉ ሳይፈታ ሲቀር ያንኑ ቃሉን መልሰን ምክንያት እናደርግበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1978 ካትሪን ስኖው የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። ሆላንድ ውስጥ የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የአገሩን ቋንቋ ሲማሩ ተከታተሉ፤ ከ3 ዓመት ሕፃን ጀምሮ እስከ ጎልማሳ ነበሩበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የሄዱት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉትና ጎልማሶቹ ናቸው። ከሁሉ ወደ ኋላ የቀሩት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት ነበሩ። ልጆች ዓመታት ሲቆጠሩ እንደሚያልፉን፣ በተለይ የአነጋገሩን ቃና እንደ ተወላጅ እንደሚይዙት አልክድም። አጀማመሩ ላይ ግን አዋቂ ይቀድማል። ማንበብ ያውቃል፣ ሥርዓቱን ሲያስረዱት ይገባዋል፣ ምን መናገር እንደሚፈልግም ያውቃል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎልማሶችን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ቋንቋ ሲያስተምር፣ ለአማርኛ 1100 ያህል የክፍል ሰዓት፣ ለዐረብኛና ለጃፓንኛ 2200 ያህል የክፍል ሰዓት ይመድባል። ሰዓቱ ብዙ ነው። ነገር ግን የሚቆጠር፣ የሚያልቅ ሰዓት ነው። ማንም «አርጅተሃልና ተመለስ» አላላቸውም።

እንግዲህ ጥያቄው ሰዓቱን ምን እናደርገዋለን የሚለው ነው። አብረን እናስላው። ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው እንበል። ተማሪዎቹ 20 ናቸው። መምህሩ 50 ደቂቃ ይናገራል፤ እኔ ራሴን ቀርጬ ስሰማ ከዚያም በላይ ሆኜ አግኝቼዋለሁ። መጽሐፍ ለማውጣት፣ ለመገልበጥ፣ መልመጃ ለመሥራት 20 ደቂቃ ይሂድ። የቀረችው 20 ደቂቃ ለ20 ሰው ስትካፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ ትደርሰዋለች። አንድ ሰው 100 ሰዓት ተከታትሎ ሲጨርስ፣ ያ 67 ክፍለ ጊዜ ያህል ነው፣ አፉን የከፈተው ከአንድ ሰዓት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው ማለት ነው። 100 ሰዓት ከሥራው ቀንሶ፣ ከልጆቹ ቀንሶ፣ ደክሞት መጥቶ! ከዚያ እኛ በምስክር ወረቀቱ ላይ ፈርመን «አጠናቋል» እንላለን። መንገድ ላይ አንድ የውጭ ሰው ሰላም ሲለው ምላሱ ተሳስሮ ሲቆም ደግሞ «ዕድሜው ነው» እንላለን። ዕድሜው አይደለም! አፉን የያዝነው እኛ ነን!

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አግኝቼው እንዳይመስላችሁ። ከ20 ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ተማሪዬ ነበሩ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ዝምተኛ፣ ከሁሉ ቀድመው መጥተው መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡ። ልጃቸው ውጭ አገር አግብታ ትኖራለች። ቋንቋውን የሚማሩት ከአማቻቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ነው። ደብተራቸው ንጹሕ፣ የቤት ሥራቸው የተሟላ ነበር። የግስ እርባታውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ይወጡታል። ድምፃቸውን ግን በቅጡ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሲጠየቁ አንድ ቃል መልሰው ዝም ነው።

አንድ ቀን ገና ሰሌዳውን ሳላጸዳ እጃቸውን አወጡ። ሳይጠየቁ እጃቸውን ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው በርቷል። ብድግ አሉና በምንማረው ቋንቋ «ትናንት ማታ ልጄ ትደውላለች» አሉ። «ደወለች» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ደወለች» አሉ። «እኔ እተኛለሁ፣ ስልኩ ይጮኻል» ብለው ቀጠሉ። «ተኝቼ ነበር፣ ስልኩ ጮኸ» አልኩ። ደገሙልኝ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ከእያንዳንዱ ግስ በፊት ቆም እያሉ ፊቴን ያዩ ጀመር። ዓይኔን እያዩ ሲናገሩ ደግሞ ነገሩ ጠፋባቸው። አራተኛው ላይ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። «ያለፈ ጊዜ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ለክፍሉ በሙሉ ማብራራት ያዝኩ። ምሳሌ ሰጠሁ፣ አስደገምኩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ወሰደብኝ። ስዞር እኚያ እናት ተቀምጠዋል። ትምህርቱ ቀጠለ።

ሲያልቅ አንድ ወጣት ተማሪ ወደ እኔ ቀርቦ «መምህርት፣ ምን ሊነግሩን ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩም። ሮጬ ደጃፉ ላይ ደረስኩባቸውና ጠየቅኋቸው። ቦርሳቸውን እያነገቱ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ ዝግ ባለ ድምፅ «የልጅ ልጅ ተወለደልኝ» አሉኝ።

እስከ ኮርሱ መጨረሻ መጡ። ፈተናውንም አለፉ። ክፍል ውስጥ ግን ሁለተኛ እጃቸውን አላወጡም።

እናንተስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል እንዲህ ያለ ሰው በክፍሉ ያላለፈ አለ? በሥራ ቦታው ሰው የሚያከብረውን፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን፣ ክርክር የሚያሸንፈውን ሰው አስነስተን በአንድ ፊደል ስንገትረው፣ ከጎረምሳ ልጆች ፊት አንገቱን ስናስደፋው ኖረናል። ሕፃን ሲሳሳት ይሳቅለታል፣ ይሳማል። «አፍ የፈታበት ቋንቋ» የምንለው እኮ ለዚህ ነው፤ አፉን የሚፈታለት ከጎኑ ሆኖ ስሕተቱን ሳይቆጥር የሚሰማው ሰው ስላለ ነው። ለአዋቂው ሲሆን ቀይ እስክሪብቶ ይዘን እንጠብቀዋለን። ይህ መቆም አለበት!

እርማት አያስፈልግም አላልኩም። ጊዜ አለው። ሰውየው ነገሩን ይጨርስ፤ እናንተ ስሕተቱን በወረቀት ያዙ፤ ሲጨርስ ከያዛችሁት አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ንገሩት፣ እርሱም ራሱ እንዲያርመው ጠይቁት። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ ልጆች በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸውን ክፍሎች አጥንተው ነበር። ከመምህራኑ እርማት ከግማሽ በላይ የሆነው የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገር ሆኖ ተገኘ፤ እኔ «ደወለች» እንዳልኩት ማለት ነው። ተማሪዎቹ ከሁሉ ያነሰ ምላሽ የሰጡትም ለዚሁ ዓይነት እርማት ነበር። ራሳቸው እንዲያርሙ ሲጠየቁ ግን ይበልጥ ያርሙ ነበር።

አሁን ወደ አንዱ ዘዴ ልግባ። ብዙዎቻችሁ በሥልጠናው ላይ ሰምታችሁታል፤ ሰምቶ መተው እንዳይሆን ነው የምፈራው። 4/3/2 ይባላል። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፎበታል። ተማሪው አንድ የሚያውቀውን ነገር፣ ሥራውን ወይም የገጠመውን፣ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ይነግራል። ከዚያ አድማጭ ይቀየርና ያንኑ ነገር ለሌላ ሰው በ3 ደቂቃ ይነግራል። በመጨረሻ ለሦስተኛ ሰው በ2 ደቂቃ። አድማጩ ያዳምጣል እንጂ አያቋርጥም፣ አያርምም። መምህሩም እንዲሁ።

ለምን ይሠራል? በመጀመሪያው ዙር ተናጋሪው ሁለት ሥራ ይዟል፤ የሚለውንም ይፈልጋል፣ የሚልበትንም ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ይንተባተባል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሁለተኛው የሚለው ነገር ተዘጋጅቶለታል፤ ሐሳቡን ሁሉ ለቋንቋው ይሰጣል። በሦስተኛው ሰዓቱ ያጣድፈዋል፣ ለመተርጎም ፋታ አያገኝም፤ ቀደም ብሎ የተጠቀመባቸው ሐረጎች እንዳሉ ተያይዘው ይወጣሉ። አቀላጥፎ መናገር የምንለው ይኸው ነው፤ ያወቁትን ነገር ሳይፈልጉት ማግኘት። አዲስ ሰዋስው አይጠይቅም። አድማጩ ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ ድግግሞሹ አያሰለችም፤ ሰሚ ፊት ላይ መደነቅ ሲያይ ተናጋሪው ራሱ ይሟሟቃል።

ስሌቱን እንመልሰው። 4 እና 3 እና 2 ሲደመር 9 ደቂቃ ነው። ግማሹ ክፍል ተናግሮ ግማሹ ሲተካ ከ90 ደቂቃው 18 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ 18 ደቂቃ ውስጥ 20ውም ሰው 9፣ 9 ደቂቃ ተናግሯል። በ67 ክፍለ ጊዜ 10 ሰዓት ይሆናል። ከአንድ ሰዓት ወደ 10 ሰዓት! መሣሪያ አልገዛንም፣ መጽሐፍ አልቀየርንም። የሰጠነው ከራሳችን ንግግር 18 ደቂቃ ነው። ይህችን መስጠት ያቃተው መምህር ስለ ተማሪው ዕድሜ አያውራኝ!

ጫጫታ ይበዛል ትሉኛላችሁ። ይበዛል። ሲሳሳቱ ስሕተቱ ይለመዳል ትሉኛላችሁ። ለዚህ ነው ርዕሱ ተማሪው በሚያውቃቸው ቃላት የሚነገር ቀላል ነገር የሚሆነው፤ ከባድ ርዕስ ሰጥታችሁ ብታስቸኩሉት ጥፋቱ የእናንተ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ጠይቃችሁ ጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድ ሲታገሡ መልሱ ረዘመ፣ የሚመልሰውም ሰው በዛ። በውጭ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ከዚያም በላይ ይገባዋል፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ቃላትን በተመለከተ፣ በጣም የተዘወተሩትን ሁለት ሺህ ያህል አስቀድሙ፤ በእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግርን አብዛኛውን የሚሸፍኑት እነርሱ ናቸው። አንድ ቀን አስተምራችሁ አትተዉአቸው፤ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ገና እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው የተማርነው በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ስለዚህ በማግሥቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ መልሱላቸው። ማዳመጥም እንዲሁ፣ ከደረጃቸው ብዙም ያልራቀ ነገር በብዛት ይስሙ። ፈተናችሁ በጽሑፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀይሩት፤ ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው።

ሌላም የያዝኩት ነበር፤ ይቅር። አሁን ሁላችሁም ተነሡ። ከጓደኛችሁ ጋር ሳይሆን ከማታውቁት ሰው ጋር ፊት ለፊት ቁሙ። በስተቀኝ ያላችሁት ትጀምራላችሁ። ክፍላችሁ ውስጥ ዝም ስላለ አንድ ተማሪ ትነግሩታላችሁ፤ ማን እንደነበረ፣ ምን ሊል ፈልጎ እንደነበር። አድማጮች፣ አታቋርጡ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ። 4 ደቂቃ፤ ጀምሩ።