ሞንስቴራ በደጋ፦ ለሱሉልታና ለለገጣፎ አካባቢ ችግኝ አልሚዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ፣ የተከበራችሁ ችግኝ አልሚዎች!

ሞንስቴራ፣ ያ ትልልቅ ቅጠሉ እየተሰነጠቀ የሚያድገው የቤት ጌጥ ተክል፣ ሲጠወልግ ሁላችንም ቶሎ የምናነሳው ጆግ ነው። «ውሃ አንሶት ነው» እንላለን። በእኛ ደጋ ግን ይህን ተክል በአብዛኛው የሚገድለው ብርድና እርጥበት ሥሩ ላይ ሲገናኙ ነው።

የትውልድ አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው ሞቃታማ እርጥብ ደን ነው፤ እዚያ ዛፍ ተደግፎ ይወጣል። የሚስማማው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ15 ሲወርድ እድገቱ ይገታል፣ ከ10 በታች ሲሆን ቅጠሉ መጎዳት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይማ ውርጭ ይጥላል። በእነዚህ ወራት ተክሉ ማታ ቤት ይግባ። ብዛቱ ካላስገባ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ፕላስቲኩ ግን ቅጠሉን እንዳይነካ በቀርከሃ ከፍ ይበል፤ የነካው ቦታ ቀድሞ ይጠቁራል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡት።

አፈሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጥቁሩ መረሬ ለጤፍ መልካም ነው፤ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል። ሁለት እጅ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የከረመ የቡና ገለፈት ቀላቅሉ። ሬድ አሹ ሽንብራ የሚያህለው ይለይና በውሃ ይታጠብ። ዱቄቱ ካልወጣ ግርጌ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ትኩስ ሰጋቱራ አትጨምሩ፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ ቅጠሉ ይገረጣል። ማሰሮ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል፤ ግርጌውን በጋለ ምስማር ስድስት ቦታ ብሱት።

ውሃ በቀን ቀጠሮ አይሰጥም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መጋጠሚያ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። በበጋ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በክረምት እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ቤት ውስጥ አቆይታችሁ ስጡ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ግንዱ ከግርጌው ከላላ ሥሩ በስብሷል ማለት ነው። አውጡት፣ የጠቆረውን ሥር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ በአዲስ ቅልቅል ትከሉት። ጫፉ ብቻ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ግን ብዙውን ጊዜ የበጋው ደረቅ አየር ነው፤ ያን ያህል አያስደነግጥም።

ለብርሃን የምሥራቅ መስኮት ይመረጣል። በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ለብልቦ ነጣ ያለ ጠባሳ ይተዋል። ቅጠሉ ሳይሰነጠቅ ከቀረ ወይ ገና ለጋ ነው፣ ወይ ብርሃን አንሶታል። ሻካራ እንጨት አስደግፉት፤ ሲወጣ ቅጠሉ እየሰፋ ይሄዳል። የፒስታ መንገድ አቧራ ብርሃን ስለሚከለክል በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እንዲያብረቀርቅ ብለው ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ አቧራውን የባሰ ያጣብቃል። ስትጠርጉ የቅጠሉን ጀርባ እዩ፤ በበጋ ቀይ ሸረሪት የምትባለው ደቃቅ ተባይ እዚያ ትደበቃለች። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በየ7 ቀኑ አንዴ፣ በጠቅላላ ሦስት ጊዜ እጠቡት።

ለማራባት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ይመቻል። ከአንጓው፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት መገጣጠሚያ፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ በአልኮል በተጠረገ ቢላ ቁረጡ። አንጓ የሌለው ቅጠል ውሃ ውስጥ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ አዲስ ተክል ግን አይወጣውም። ገበያ ላይ «ቁራጭ» ተብሎ የሚቀርብላችሁን በዚህ ዓይን መርምሩ። ውሃውን በየ4 ቀኑ ለውጡ፤ ሥሩ 8 ሴንቲሜትር ሲደርስ ወደ ቅልቅሉ ይዛወር።

አሁን ወደ ኋላ ጠረጴዛ ሄደን እንቁረጥ። መጀመሪያ ጓንት አድርጉ፤ የተክሉ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ቆዳና ዓይን ያቃጥላሉ። ቁርጥራጩንም ሕፃናትና ፍየሎች በማይደርሱበት ጆንያ ውስጥ እንሰብስበው።