ከታመሙት መሃል የቆመችው ዛፍ

በጅማ ለቡና አምራች አርሶ አደሮች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

ከአያቴ ጓሮ ልጀምር። አያቴ ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥቂት ቡና ነበራት። ክረምት ሲገባ ከሁሉ በፊት የምትፈትሸው ቡናዋን ነው። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ ትይዝና ለጋውን ፍሬ በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። ጥቁር ነጥብ ካየች ዝም ትላለች። ዝምታዋን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ያ ዓመት ደብተርም ጫማም በጊዜው የማይገዛበት ዓመት ነው።

አንዲት ዛፍ ግን ነበረች። ከዋንዛው ሥር፣ ውሃ መውረጃው አጠገብ። በዙሪያዋ ያሉት ፍሬያቸው ጠቁሮ ሲረግፍ እሷ አረንጓዴ ፍሬዋን እንደያዘች ትከርማለች። በክፉ ዓመት ቀይ እሸት የምንለቅመው ከእሷ ነበር። አያቴ «እቺስ ፈጣሪ የጠበቃት ናት» ትል ነበር።

በኋላ ቤት ስናሰፋ ቆረጥናት። የከለከለን ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተከራከርኩም። ተምሬ የዕፅዋት በሽታ ሥራዬ ሆኖ፣ ያቺ ዛፍ ምን ይዛ እንደነበር ሲገባኝ ግን ቆጨኝ። አሁንም ይቆጨኛል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷና በሽታን ስለሚቋቋሙ መሰሎቿ ነው።

እዚህ ጅማ ሁላችንም «ሲቢዲ» የምንለውን የቡና ፍሬ በሽታ የማያውቅ የለም። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ብርድና ዝናብ ይወዳል፤ ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ ያለ ቡና ላይ ይበረታል። ለጋው ፍሬ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፤ ፍሬው ይጠቁራል፤ ይረግፋል ወይም ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ዝናቡ ከከፋና ዛፉ ደካማ ከሆነ አንድም ፍሬ ላይተርፍ ይችላል። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ኬንያ ውስጥ ነው። እኛ አገር መግባቱ የታወቀው በ1971 ነው። እስከ ዛሬም ከአፍሪካ አልወጣም። ብራዚልም ኮሎምቢያም ይፈሩታል እንጂ አላዩትም።

እስቲ ያኔን አስቡት። የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ቡና ነው። በሽታው ከዞን ዞን ይዛመታል። መድኃኒት ይረጭ ቢባል ጫካ ውስጥ ያለውን ቡና ማን ይረጨዋል? የጓሮውን ቡናስ በማን ገንዘብ?

የተደረገው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። በሽታው በጣም በበረታበት ሰሞን፣ በጣም በበረታበት ቦታ፣ ሰዎች ጫካና ማሳ እየዞሩ ጤነኛ ዛፍ ፈለጉ። ሁሉም በታመመበት መሃል ፍሬዋ ያልጠቆረ ዛፍ። ልክ እንደ አያቴ ዛፍ። ስታገኝ ምልክት ታደርግባታለህ፤ ዘር ትወስዳለህ፤ እዚሁ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል ትፈትሻለህ።

ዛሬ ጓሯችሁ ያሉት ቁጥር የተሰጣቸው ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ነው። 741፣ 7440፣ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74165። ብዙ ሰው ቁጥሩን ይጠራዋል እንጂ ትርጉሙን አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፏ የተመረጠችበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። ቀሪው የዛፏ ተራ ቁጥር ነው። 74110ና 74112 የመጡት ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ ነው። 741 የጌራ ልጅ ናት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ለገበሬ ደረሱ። አንድ የቡና ዛፍ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ብቻ ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈጅ ለምታውቁት ለእናንተ፣ ይህ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ያህል ሊፈጥን የቻለው አንድ ዘዴ ስለነበረ ነው። ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ዛፉ እስኪያፈራ አይጠበቅም። ዘሩ ይዘራል። ችግኟ ስድስት ሳምንት ሲሆናት፣ ገና ፍሬዋን እንደ ቆብ አናቷ ላይ ተሸክማ ሳለች፣ የፈንገሱ ዘር ያለበት ውሃ ለስላሳ ግንዷ ላይ ይደረጋል። ብርድና እርጥበት ያለበት ቦታ ትቀመጣለች። ከሳምንታት በኋላ ደካማዋ ጠቁራ ትወድቃለች፤ ጠንካራዋ ቆማ ትገኛለች። በችግኝነቷ የቆመችው አብዛኛውን ጊዜ አድጋም ፍሬዋን ታተርፋለች። መቶ ችግኝ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ልትፈትን ትችላለህ።

አሁን ወደ ጂኑ እንምጣ። ጂን የምንለው ከእናትና ከአባት የሚወረስ ትእዛዝ ነው። ቅጠሉ ምን ይምሰል፣ ፍሬው መቼ ይቅላ፣ በሽታ ሲመጣ ምን ይደረግ፤ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። በሽታን የሚቋቋሙ ብዙዎቹ ጂኖች የሚሠሩት ጠላትን በመለየት ነው። ፈንገሱ ተክሉ ውስጥ ሲገባ የተክሉን መከላከያ የሚያፈዝ ነገር ይረጫል። ጂኑ ያንን ነገር የሚያውቅ ጠባቂ ይሠራል። ጠባቂው ጠላቱን ሲያገኝ ተክሉ የተነካችውን ቦታ ራሱ ይገድላታል። ሰደድ እሳት ሲመጣ ከፊቱ ያለውን ሣር አጭዳችሁ መሬቱን ባዶ እንደምታደርጉት ማለት ነው። ፈንገሱ የሚበላው ሕይወት ያለው ነገር ያጣል፤ እዚያው ይቀራል።

ይህ ጂን የት እንዳለ እንዴት ይገኛል? ጠንካራዋን ከደካማዋ ታዳቅላለህ። የሚወለዱትን እርስ በርስ ታዳቅልና የልጅ ልጆቹን ትቆጥራለህ። ከአራቱ ሦስቱ ከቆሙ፣ አንዱ ከወደቀ፣ ሥራውን የሚሠራው አንድ ብርቱ ጂን ነው ማለት ነው። ከዚያ የቆሙትንና የወደቁትን ዲኤንኤ፣ ማለትም ጂኖቹ የተጻፉበትን ነገር፣ ታስተያያለህ። በቆሙት ሁሉ ውስጥ ያለ፣ በወደቁት ውስጥ የሌለ ምልክት ትፈልጋለህ። ምልክቱ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ከችግኝ ጣቢያ አንዲት ቅጠል ቆርጠህ፣ በሽታውን ሳታስነካት፣ ይቺ ትቆማለች ይቺ ትወድቃለች ልትል ትችላለህ።

ኬንያዎች በዚህ መንገድ ሩቅ ሄደዋል። ሦስት ጂኖችን ለይተው አር፣ ቲ እና ኬ ብለው ሰይመዋል። አንደኛው የተገኘው ሩሜ ሱዳን ከሚባል ቡና ነው፤ እሱም ከቦማ ተራራ፣ ከእኛ ድንበር ማዶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ጥናት ደግሞ ሮቡስታ ከሚባለው ሌላ የቡና ዓይነት በተወረሰ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ያለ አንድ ብርቱ ጂን በዲኤንኤ ምልክት ተለይቷል።

የእኛ ቡና ነገር ግን ይለያል። ከጫካችን የተመረጡት ዛፎች ሲፈተሹ ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ቆመ ወደቀ ተብለው በሁለት አይከፈሉም። ደረጃ በደረጃ ነው። አንዷ በጣም ትቆማለች፣ ሌላዋ በመጠኑ፣ ሌላዋ ትንሽ። ይህ ብዙ ትንንሽ ጂኖች ተጋግዘው እንደሚሠሩ ያሳያል። ደቦ ነው። ደቦን ለይቶ ማወቅ አንድ ጎበዝን ከመለየት ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ጂን የሚያደርገው ትንሽ ስለሆነ ከብዙ ሺህ ምልክት መሃል ፈልቅቆ ማውጣት አድካሚ ነው። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ሥራው የቀረው ለእናንተ ነው የምለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም። በእውነት ገና ብዙ ቀርቷል።

ደቦው ለምን ይሻላል? ስንዴን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲመታው ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ሌላ ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል፤ ምርቱም ጥሩ ነበር፤ ባሌና አርሲ በእሱ ተሸፈነ። በ2013 መጨረሻ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተዛመተ። ዲገሉን ከግንድ ዋግ ይጠብቀው የነበረው በዋናነት አንድ ጂን ነበር። አዲሱ ዋግ ያ ጂን የሚያውቀውን መልክ ይዞ አልመጣም። ጠባቂው አላወቀውም። ሰፊ ማሳ ቀይ ዝገት ለብሶ ቀረ። ዝርያውን ያወጡት ሰዎች ጥፋት አልነበረም። አንድ ጂን በሰፊ መሬት ላይ ብቻውን ሲቆም የሚደርስበት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የገብሳችንን ታሪክ ስሙ፤ እኔ ሳወራው ደስ ይለኛል። አውሮፓ ውስጥ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነስ ሻጋታ ገብስን ይፈጀው ነበር። የሚያወጡት ዝርያ ሁሉ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሸነፋል። ከኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1937ና በ1938 በተሰበሰበ የገብስ ዘር ውስጥ ግን የማይሸነፍ ነገር ተገኘ። አገራችን ያኔ በወረራ ሥር ነበረች። ጂኑ ኤምሎ ይባላል። የሚገርመው አሠራሩ ነው። ጠባቂ አይደለም። ሻጋታው ወደ ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበት አንድ ጂን አለ፤ በዚያ ገብስ ውስጥ ያ ጂን አይሠራም። በሩ የለም። በር ከሌለ ሌባው ልብሱን ቢቀይር ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ብዙ የአውሮፓ የበልግ ገብስ ይህን የእኛን ውርስ ይዞ ይዘራል፤ እስካሁንም ቆሟል። ያንን ዘር እዚህ ከዓመት ዓመት ያቆየው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም።

ስለ ነፍሳት ተባይ አጠር አድርጌ ልለፍ። እዚያም መንገዱ ይኸው ነው። ብራዚሎች ቅጠል ሰርሳሪውን ትል የሚቋቋም ቡና ለማግኘት ራሴሞሳ ወደሚባል የዱር ቡና ሄደዋል። ሁሌም የሚኬደው ወደ ዱር ነው።

ዱሩ ደግሞ እኛ ጋ ነው። በለጠ ጌራ፣ ያዩ፣ ካፋ። ጎማ ውስጥ፣ ጮጬ ላይ፣ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች ተተክለው ይጠበቃሉ። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ በማቀዝቀዣ ብዙ ዘመን አይቆይም፤ ስለዚህ ቆሞ እያፈራ መጠበቅ አለበት። የጌሻ ቡናን ወሬ ሰምታችኋል አይደል? ፓናማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 በጣዕሙ ጨረታ ሰብሮ ዓለም አወቀው። መጀመሪያ ወደዚያ ሲወሰድ ግን የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም፤ የቅጠል ዋግን ይችላል ተብሎ ነበር። አንዲት ዛፍ ምን ምን እንደያዘች አስቀድሞ አይታወቅም።

አንዳንዶቻችሁ «ዛፌን ባሳይ ምን አገኛለሁ?» ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዘር ሀብት ላይ የማኅበረሰቡን መብት የሚደነግግ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 482/1998። ከእናንተ ጓሮ ወጥቶ ጥቅም ያስገኘ ነገር ካለ ማኅበረሰቡ ድርሻ እንዳለው ይላል። ዛፋችሁን ለማንም አሳልፋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ተመራማሪዎችም ዘር ወስደን መጥፋት ልማዳችን ከሆነ፣ ነገ በር ብትዘጉብን አትወቀሱም። ውጤቱን ይዘን ተመልሰን መምጣት አለብን። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼም እዚሁ ፊታችሁ እናገራለሁ።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። የተሻሻለውን ዝርያ ትከሉ፤ እኔም እተክላለሁ። ግን ጓሯችሁን በአንድ ቁጥር ብቻ አትሙሉት። ሁለት ሦስት ዓይነት ይኑር። ያረጀውን ቡና ነቅላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ክረምት እዩት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ለጋውን ፍሬ እንደ አያቴ በአውራ ጣታችሁ አሻሹት። ጎረቤቶቿ ጠቁረው እሷ ካልጠቆረች ቅርንጫፏ ላይ ክር እሰሩ። ለብቻዋ ራቅ ብላ ስለቆመች ወይም ነፋስ ስለሚያገኛት ብቻ ልትተርፍ ትችላለች፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምትም እዩዋት፣ በሦስተኛውም። ሦስት ክረምት ከቆመች ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንገሩት። እስከዚያው መጥረቢያ አይንካት።

ተማሪዎች፣ እናንተም በዝናቡ ውጡ። በበጋ ሁሉም ዛፍ ጤነኛ ይመስላል። ቦት ጫማ አድርጉና ገበሬው ጓሮ ግቡ፤ መጀመሪያ እናቶችን ጠይቁ። የትኛዋ ዛፍ በክፉ ዓመት እንደምታፈራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀይ ክር አምጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስትወጡ ለየቤታችሁ አንድ አንድ ጥቅልል ውሰዱ። ጎረቤቱ ያልመጣ ካለም ጨምሮ ይውሰድለት።

አመሰግናለሁ።